የነጋዴ አድራሻ የነጋዴው ንብረት ይሁን

ከጎንደር ተነሥቶ በወገራ ሜዳ፣ በዳባትና በደባርቅ በኩል አልፎ፣ የሊማሊሞን ቁልቁለት ወርዶ ወደ ተከዜ፣ ከዚያም ወደ ዐድዋና ወደ ምጽዋ የሚያደርሰው መንገድ ለብዙ ዘመናት የሲራራ ነጋዴ መንገድ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ወደ ጎንደር ሲመጣ የወጣው በዚሁ አቀበት ነው። የዚያ ዘመን ነጋዴ ሁለት ነገሮችን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። አንደኛው፣ ማለፊያው አንድ ብቻ ሲሆን የኬላው ጠባቂ የወደደውን ቀረጥ እንደሚጠይቅ ነው። ሁለተኛው፣ አገረ ገዥው ከቦታ ቦታ ቢለያይም ሁሉ የሚቀበለው የጋራ መለኪያ ካለ ንግድ እንደማይሰናከል ነው። የማርያ ቴሬዛ ብር ከኦስትሪያ የመጣ እንጂ የአገራችን ነገሥታት ያላሠሩት ሆኖ ሳለ በየገበያው ሲሠራበት የኖረው ስለዚህ ነው።

እነዚህ ሁለት የጥንት ትምህርቶች በዛሬው የንግድ ሥራ ላይም ይሠራሉ። በአሁኑ ጊዜ የደባርቅና የዳባት ነጋዴ ገብሱን፣ ስንዴውን፣ ባቄላውንና ነጭ ሽንኩርቱን ለገዢ የሚያስታውቀው በገበያ ቀን ሸክሙን አራግፎ በመቆም ብቻ አይደለም። ወደ ስሜን ተራሮች ለሚወጡ እንግዶች በቅሎ የሚያከራየውም፣ መንገድ የሚመራውም፣ ማረፊያ ቤት የከፈተውም ሥራውን በእጅ ስልኩ ያስታውቃል። ይህም መልካም ነው። ነገር ግን ነጋዴው ዕቃውን የዘረጋበት ቦታ የማን እንደ ሆነ፣ የቦታው ባለቤት አንድ ቀን በሩን ቢዘጋ ደንበኞቹን ወዴት ሄዶ እንደሚያገኛቸው አስቀድሞ ያሰበ ሰው ጥቂት ነው።

ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ እያንዳንዳቸው የአንድ ኩባንያ ቤቶች ናቸው። ነጋዴው በዚያ ቤት ውስጥ እንግዳ እንጂ ባለርስት አይደለም። ለዚህም በቂ ምስክር አለ። መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ዋትስአፕና ኢንስታግራም በኩባንያው በራሱ የአሠራር ስሕተት ምክንያት በአንድ ጊዜ በዓለም ሁሉ ለስድስት ሰዓት ያህል ተቋርጠው ነበር። በአገራችንም ከየካቲት 2015 ዓ.ም. መጀመሪያ እስከ ሐምሌ ድረስ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገድበው ቆይተዋል። እንዲሁም ትዊተር የተባለው መገናኛ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በ44 ቢሊዮን ዶላር ለአንድ ባለጸጋ ተሽጦ፣ በዚያው ዓመት ስሙ ሳይቀር ሲለወጥ በውስጡ አድራሻ የነበራቸውን ነጋዴዎች አሳብ የጠየቀ አልነበረም። ከዚህም ሌላ በፌስቡክና በቲክቶክ የሚለጠፍ ማስታወቂያ ገንዘብ ካልተከፈለበት ለነጋዴው ተከታዮች እንኳ ሁሉ አይታይም። ክፍያውም ብዙውን ጊዜ በውጭ ምንዛሪ በሚሠራ ካርድ ስለሆነ ለትንሽ ከተማ ነጋዴ ይከብደዋል። ኬላው በሊማሊሞ መውጫ ላይ ባይታይም፣ ቀረጡ ግን አለ ማለት ነው።

ከዚህ የተነሣ «ያልተማከለ» የሚባለውን የማኅበራዊ መገናኛ ዓይነት ነጋዴው እንዲያውቀው ያስፈልጋል። ነገሩ ለሰሚ እንግዳ ቢመስልም በፖስታ ሥራ ዘንድ የቆየ ነው። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በ1901 ዓ.ም. ነው። ከደባርቅ ወደ ሐምቡርግ የተላከ ደብዳቤ በኢትዮጵያ ፖስታ ተነሥቶ በጀርመን ፖስታ ይደርሳል። ሁለቱ ፖስታ ቤቶች አንድ ባለቤት የላቸውም፤ ያላቸው አንድ የጋራ ደንብ ነው። ኢሜይልም የሚሠራው በዚሁ ዓይነት ነው። በጀርመን አገር ኦይገን ሮችኮ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ማስቶዶን የተባለው መገናኛ እንዲሁ በሺሕ በሚቈጠሩ ልዩ ልዩ ቤቶች፣ በተለመደው አጠራር በሰርቨሮች፣ የተከፋፈለ ሲሆን እያንዳንዱ ቤት የራሱ አስተዳዳሪና የራሱ ደንብ አለው። አክቲቪቲፐብ የተባለውን የጋራ ቋንቋ ደብልዩ ስሪ ሲ የተባለው የድር ደንብ አውጪ ማኅበር በጥር 2010 ዓ.ም. ስላጸደቀው፣ በአንዱ ቤት ያለ ሰው በሌላው ቤት ያለውን ሊከተልና ሊያነጋግር ይችላል። ሥዕል ለማሳየት የተሠራው ፒክስልፌድና ተንቀሳቃሽ ሥዕል የሚያሳየው ፒርቲዩብም በዚሁ ቋንቋ ይነጋገራሉ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ለሁሉ ክፍት የሆነው ብሉስካይ ግን የሚሠራው በሌላ ደንብ ነው።

እንግዲህ ለዚህ ገበያ እንግዳ የሆነ ነጋዴ በምን ይጀምር? «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» እንደሚባለው፣ መጀመሪያ ማየት ያለበት የሚገባበትን ቤት ነው። የቤቱ አስተዳዳሪ ማን ነው? ወጪውን የሚሸፍነው በምንድር ነው? ስንት ዓመት ቆሟል? የንግድ ማስታወቂያ ይፈቅዳል ወይስ ይከለክላል? እነዚህ ጥያቄዎች በየቤቱ መግቢያ ላይ ከተጻፈው ደንብ መልስ ያገኛሉ። አንዳንዱ ቤት ማስታወቂያን ብቻ የሚለጥፍ ሰውን ያስወጣል፤ ደንቡን ሳያነቡ ገብቶ መባረር ደግሞ የነጋዴን ስም ያጐድፋል። ሆኖም በምርጫው ላይ ወራት ማባከን አያስፈልግም። በማስቶዶን አሠራር ሰው ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ሲዛወር ተከታዮቹን ይዞ ሊሄድ ይችላል። የማይሄዱለት ቀድሞ የጻፋቸው ጽሑፎች ናቸው። ይህንን አስቀድሞ ያወቀ ሰው ዋነኛ ጽሑፎቹን በሌላ ቦታ ጽፎ ያስቀምጣል።

ሁለተኛው ነገር ስም ነው። በዚህ መገናኛ የሰው አድራሻ እንደ ኢሜይል ሁለት ክፍል አለው፤ አንደኛው የራሱ ስም ሲሆን ሁለተኛው የቤቱ ስም ነው። ነጋዴው በንግድ ፈቃዱና በሱቁ ሰሌዳ ላይ ያለውን ስም ሳይለውጥ መያዝ ይገባዋል። ከስሙ በታችም ከተማውን፣ የሚነግደውን ዕቃና የሱቁን ስልክ በአማርኛ፣ ከውጭ አገር ሰው ጋር የሚሠራ ከሆነም በእንግሊዝኛ ይጻፍ። ሥዕልና መግለጫ የሌለው አድራሻ በዚያ አገር ሰዎች ዘንድ እንደ አታላይ ይታያል፤ በደባርቅ ገበያ ፊቱን ሸፍኖ በግ የሚሸጥ ሰው ማን ያምነዋል? ወርኃዊ ገንዘብ ከፍሎ የታማኝነት ምልክት መግዛትም አያሻም። የራሱ ድረ ገጽ ያለው ነጋዴ ሁለቱን እርስ በርሳቸው ካያያዛቸው ገጹ በእርግጥ የእርሱ መሆኑ በምልክት ይታያል።

ሦስተኛው ሰላምታ ነው። አዲስ ሰው ወደ መንደር ሲገባ ማንነቱን ተናግሮ እንደሚተዋወቅ ሁሉ፣ የመጀመሪያው ጽሑፍ መተዋወቂያ መሆን አለበት። በዚህ መገናኛ የእንግዳው መነሻ ገጽ የሚሞላው ራሱ በተከተላቸው ሰዎች ጽሑፍ ስለሆነ፣ ያልፈለገና ያልተከተለ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ባዶ ሜዳ ይመስለዋል። ብዙዎች ተስፋ ቈርጠው የሚተዉትም በዚህ ጊዜ ነው። ስለዚህ ከሥራው ጋር የሚገናኙ ሠላሳ አርባ ሰዎችን ፈልጎ መከተል፣ ለጽሑፋቸው መልስ መስጠትና መልካሙን ለሌሎች ማስተላለፍ ይገባል። ሳይሰሙ መናገር በየትኛውም ገበያ አያዋጣም።

በዚህ ላይ ለአማርኛ ጸሐፊ አንድ ልዩ ነገር አለ። በዚህ መገናኛ ፍለጋ ይበልጡን የሚከናወነው ሃሽታግ በሚባለው መለያ ቃል ነው። መሣሪያው ግን ፊደልን በፊደልነቱ እንጂ በድምፁ አያውቀውም። አንዱ «ስሜን ተራሮች»፣ ሌላው «ሰሜን ተራሮች» ብሎ ቢጽፍ፣ እንዲሁም አንዱ «ደባርቅ»፣ ሌላው «ደባርክ» ቢል፣ ሁለቱ ጽሑፎች በአንድ መደርደሪያ ላይ አይገናኙም። በሠ እና በሰ፣ በጸ እና በፀ፣ በሐ እና በሀ መካከል ያለው ልዩነትም እንዲሁ ገዢና ሻጭን ይለያያል። ስለዚህ የአንድ አካባቢ ነጋዴዎች ለከተሞቻቸውና ለሸቀጦቻቸው አንድ አጻጻፍ ቢስማሙ ገንዘብ የማይጠይቅ ትልቅ ጥቅም ያገኛሉ። ለውጭ እንግዶችም የእንግሊዝኛውን አጻጻፍ ጨምሮ መጻፍ ይሻላል።

አራተኛው ጥንቃቄ ነው። በማስቶዶን የሚጻፍ የግል መልእክት በቁልፍ የተዘጋ አይደለም፤ የቤቱ አስተዳዳሪ ቢፈልግ ሊያየው ይችላል። ስለዚህ የባንክ ምስጢር ቁጥር፣ የመታወቂያ ቅጂና የውል ዋጋ በዚያ መላክ የለበትም። የይለፍ ቃሉ ጠንካራ፣ ማረጋገጫውም ባለ ሁለት ደረጃ ይሁን። የአገር ሕግም በየትኛውም ቤት ተከትሎ ይመጣል። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ጽሑፉ የወጣበት ቤት ትልቅ ነው ትንሽ ነው ብሎ አይለይም። ስለ ተፎካካሪ ዕቃ መመረዝ ያልተጣራ ወሬ የሚያስተላልፍ ሰው ይህንን ያስብ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰውን ስምና ስልክ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ከማውጣት ይከለክላል፤ ዱቤ ያልከፈለውን ደንበኛ ስም ለመለጠፍ የሚቃጣው ባለሱቅ ከመለጠፉ በፊት ሁለት ጊዜ ማሰብ አለበት።

አሁን ወደ ጥቅሙ እንምጣ ቢባል፣ ጥቅሙ ለሁሉ እኩል አይደለም። ደንበኞቹ ሁሉ በእግር የሚመጡለት የዳባት ባለሱቅ በዚህ ነገር ብዙ አያተርፍም፤ ጊዜውን በሚዛኑና በመደርደሪያው ላይ ቢያውለው ይሻለዋል። ገብስና ባቄላ ወደ ጎንደርና ወደ አዲስ አበባ የሚልክ ነጋዴም ገዢዎቹ ዛሬ ያሉት በቴሌግራምና በስልክ ስለሆነ ያንን መተው የለበትም። በማስቶዶን በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ገና ጥቂት ነው። ነገር ግን የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ ሥፍራዎች አንዱ ነው። ጭላዳንና ዋልያን ለማየት የሚመኘው የአውሮፓ ሰው፣ ይልቁንም ጀርመናዊው፣ በዚህ መገናኛ ብዙ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜኑ ጦርነት፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም በክልሉ በተነሣው ግጭት የእንግዳው ቁጥር በመውደቁ በቅሎ አከራዩ፣ መንገድ መሪው፣ ምግብ አብሳዩና ባለማረፊያው ብዙ ተጐድተዋል። እንግዳው ዛሬ ባይመጣም ሰላም ሲሆን ለመምጣት የሚያስበውን ሰው ከአሁኑ ማወቅና አለመለየት የነገ ገበያን ማዘጋጀት ነው። በየሳምንቱ የአንድ ተራራ፣ የአንድ አበባ ወይም የአንድ የገብስ አውድማ ሥዕል ከአጭር እውነተኛ ቃል ጋር ማውጣት ለዚህ ይበቃል። ስለ መንገዱ ጸጥታም ያልሆነውን ሆነ ብሎ እንግዳ መጥራት አይገባም፤ አንድ ጊዜ የተታለለ እንግዳ አሥር ሌሎችን ያስቀራል።

እዚህ ላይ የሚነሣ ብርቱ ተቃውሞ አለ። መሥመሩ ራሱ ሲቋረጥ የቤቶቹ መብዛት ምን ይጠቅማል? የሚል ነው። ተቃውሞው እውነት ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ በቆየበት ጊዜ ማዕከላዊውም ያልተማከለውም መገናኛ እኩል ዝም ብሏል። ሰማይ ሲደፍን የብዙ መስኮት ቤትም ይጨልማል። ስለዚህ ያልተማከለው መገናኛ ለአንድ በሽታ መድኃኒት ነው እንጂ ለሁሉ አይደለም። መሥመሩ እያለ አንድ ኩባንያ በሩን ቢዘጋ ወይም አንዱ መገናኛ ብቻ ቢገደብ መውጫ ሊሆን ይችላል፤ መሥመሩ ከሌለ ግን የሚያድነው የወረቀት መዝገብ ነው። እያንዳንዱ ነጋዴ የደንበኞቹን ስም፣ ከተማና ስልክ በመዝገብ ጽፎ በሣጥኑ ውስጥ ማኖር፣ ከሚከተላቸው ሰዎች ዝርዝርና ከጻፋቸው ጽሑፎችም በየወሩ ቅጂ ማውረድ አለበት። ደንበኞቹን በስልኩ ውስጥ ብቻ ያኖረ ሰው ስልኩ የጠፋ ቀን ንግዱም ይጠፋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ ትንሽ ቤት ይፈርሳል የሚለው ነው። ይህም እውነት ነው። አንድ በጎ ፈቃደኛ በራሱ ገንዘብ ያቆመው ቤት ባለቤቱ ሲደክመው ሊዘጋ ይችላል፤ እንደዚህ የተዘጉ ቤቶችም አሉ። መፍትሔው ግን ወደ ኬላው መመለስ ሳይሆን፣ ሥራው የማይቋረጥ ድርጅት ቤቱን እንዲያቆመው ማድረግ ነው። ለዚህም ምሳሌ አለ። የጀርመን ፌዴራል የመረጃ ጥበቃ ኮሚሽነር መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚሆን የማስቶዶን ቤት ከፍቷል። በዚያ ቤት ስም የሚጽፍ ሁሉ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መሆኑ ከአድራሻው ብቻ ይታወቃል፤ ሌላ ምስክር አያስፈልገውም።

የንግድ ምክር ቤትም ለአባሎቹ እንዲሁ ሊያደርግ ይገባዋል። የንግድ ፈቃዱ የጸና አባል በምክር ቤቱ ስም የሚያልቅ አድራሻ ቢሰጠው፣ በሐምቡርግ ወይም በአዲስ አበባ ያለ ገዢ ሰውየው የታወቀ ነጋዴ መሆኑን በአንድ እይታ ያውቃል። ፈቃዱ የተሰረዘበት ሰው አድራሻውም ይነሣል፤ አታላይም በምክር ቤቱ ስም መነገድ አይችልም። ለዚህ የሚያስፈልገው የኪራይ ሰርቨር፣ የቤቱ ስም ምዝገባ፣ ሥራውን የሚያውቅ አንድ ወጣትና ቅሬታ የሚሰሙ ጥቂት ሽማግሌዎች ናቸው። ወጣቱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በጎንደርና በደባርቅ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ከሁሉ በፊት ግን ጥቂት ፈቃደኛ አባሎች በሌላ ሰው ቤት ገብተው ለስድስት ወር ቢለማመዱና ያዩትን ለጉባኤ ቢያቀርቡ ይመረጣል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የተባለው ለዚህ ዓይነት ሥራ ነው።

በመጨረሻም አንድ ነገር በደንብ መጻፍ አለበት። ምክር ቤቱ ቤቱን ሲያቆም ራሱ አዲስ የኬላ ጠባቂ እንዳይሆን መጠንቀቅ ይገባዋል። ከአመራሩ ጋር ያልተስማማ አባል፣ መዋጮ የዘገየበት አባል ወይም ወደ ሌላ ከተማ የሄደ አባል ተከታዮቹን ይዞ በሰላም የመውጣት መብት በመተዳደሪያ ደንቡ የመጀመሪያ አንቀጽ ላይ ይስፈር። አስተዳዳሪው የአባሎችን የግል መልእክት እንዳያይ፣ ቢያይም እንዲጠየቅበት ይወሰን። ይህ ካልሆነ የተለወጠው የጠባቂው ስም ብቻ ይሆናል።

የደባርቅና የዳባት ነጋዴ አባቶች በሊማሊሞ ገደል በቅሎ እየነዱ ሲወርዱ ከጭነታቸው ይበልጥ የሚጠብቁት ነገር ነበራቸው፤ እርሱም ስማቸው ነበር። ጭነት ቢጠፋ ይተካል፤ በምጽዋም ሆነ በጎንደር የታመነ ስም ግን በአንድ ቀን አይተካም። ዛሬም ነጋዴው ስሙንና የደንበኞቹን ዝርዝር በሌላ ሰው ቤት አስቀምጦ ቁልፉን ለባለቤቱ ትቶ መተኛት የለበትም። ትንሽም ብትሆን የራሱን በር ይክፈት፤ መዝገቡን ይያዝ፤ ባልንጀራውንም ያስተምር።